እናቴ ያልተፋችው ጥርስ

ነገሩ ሁሉ ተደምሮ ዘጠኝ ሙክት በላ። ሁለቱ ጥርሱን ለማስገባት፣ ሰባቱ ጥርሱን ለማውጣት። በብር እንዳልነግራችሁ ጽሑፉ እጃችሁ እስኪገባ ዋጋው ያረጃል፤ በበግ ብነግራችሁ ይሻላል። ከሙክቶቹ ሌላ የሄደም ነገር አለ፤ እሱን ሚዛን ላይ ማውጣት አልቻልኩም።

የመሐል ሜዳ በግ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። የመንዝ በግ ጠጉራም ነው፤ ጠጉሩ የከሳውን የሰባ ያስመስለዋል። ስለዚህ እኛ በዓይን አንገዛም። እጃችንን ጠጉሩ ውስጥ ሰደን ወገቡን እንዳብሳለን፣ ከንፈሩን ገልበን ጥርሱን እናያለን፣ የሚያስል ከመሰለን ጎኑ ላይ ጆሯችንን አስጠግተን ትንፋሹን እናዳምጣለን። ቀልድም እወዳለሁ። ስቀልድ ፊቴ አይፈታም፤ ስለዚህ ሰው ቀልዴንና ቁም ነገሬን ለመለየት ይቸገራል። ይኼ ለንግድ ጥሩ ነው። ለቤት ግን ጥሩ አለመሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው።

እናቴ የሺ የምትኖረው ወደ ሞላሌ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ አንድ ወንዝ ተሻግሮ ባለው የገብስ አገር ነው። ከተማ ግቢና ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ ለምኛታለሁ። "የደብሬን የማርያምን ደወል ትቼ የመኪናህን ጡሩምባ ልስማ?" አለችኝ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

የፊት ጥርሷ ግማሹ የተሰበረው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው፤ አንድ ወይፈን ልታስር ስትል ጭንቅላቱን ወረወረባት። የቀረው ግማሽ እየጠቆረ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኛ ልጆቿ ለምደነው አናየውም ነበር። አምና የበኩር ልጄ ሲዳር ግን የሠርጉን ቪዲዮ ቁጭ ብለን ስናይ እናቴን ፈለግኋት። በየቦታው ያገኘሁት እጅ ነው። ከኬኩ አጠገብ እጅ፣ ከሙሽራው ጎን እጅ፣ እስክስታው ላይ ነጠላ የያዘ እጅ። አያትየው ፊት የላትም። ያን ቀን ጥርሱን ላስተካክልላት ወሰንኩ።

ደብረ ብርሃን ወስጄ ለጥርስ ሐኪም አሳየኋት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ።

"ሥሩ ጠንካራ ነው" አለች። "ሥሩን እናክመውና፣ የቀረውን ዙሪያውን ሞርደን፣ ከላይ ፖርሰሊን እናለብሰዋለን።"

"ተሰብሯል ብለን ብናመጣው ጭራሽ ትሞርዱታላችሁ?" አልኳት።

"ካልተሞረደ ሽፋኑ አይገባም። አንዴ ከተሞረደ ደግሞ አይመለስም፤ ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ ሽፋን ይፈልጋል። ይኼ አንዱ ጉዳቱ ነው። ጥቅሙን ካሉኝ፣ ቀለሙን ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር አመሳስዬ አሠራዋለሁ፤ የትኛው እንደተሰበረ አይለይም። ቡናም አያጠቁረው፣ ሻይም አያጠቁረው። በአግባቡ ከያዙት ብዙ ዓመት ያገለግላል።"

"ምን አልሽው፣ ልጄ? ፖር...?" አለች እናቴ ከወንበሩ ላይ እንደተንጋለለች።

"ፖርሰሊን፣ እማማ። ሲኒ የሚሠራበት ዓይነት ነው።"

"ሲኒ እኮ ይሰበራል።"

"ለዚህ ነው ቆሎ እንዳይቆረጥሙበት የምነግርዎ። ከላላ ወይም ከተነቃነቀ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ።"

"ቆሎ እስከ መቼ ነው የማልቆረጥመው?"

"ሁልጊዜ፣ እማማ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እናቴን ከቆሎ ማጣላት ቄስን ከመስቀሉ እንደ ማጣላት ነው። "ፍጩልኝና በሶ እበላለሁ" አለች በመጨረሻ።

ሁለት ዓይነት እንዳለ ተነገረኝ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ፖርሰሊን፣ ሌላው ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ፖርሰሊን። የመጀመሪያው ያምራል፣ ይወደዳል። ሁለተኛው ይረክሳል፤ ድዱ ከጊዜ ብዛት ከሸሸ ሥሩ ላይ ጥቁር መስመር ሊታይ ይችላል። "ድዷን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሽማግሌ ከመጣ ያኔ እንነጋገራለን" ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። እንደዚያም ሆኖ ዋጋው ሁለት ሙክት ነበር።

አልዋሻችሁም፤ ጥርሱ ሲገባ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። መስታወቱን ተቀብላ ጥርሱን አየችና ሳቀች፤ እጇ በልማዱ ወደ አፏ ተነሣና መሐል ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በተዝካሩም በማኅበሩም ፊት ለፊት ትስቅ ጀመር። ጎረቤቶቿ "የሺ ጥርስ አወጣች" እያሉ ያሾፉባታል፤ "እናንተም እናታችሁን ጠይቁ፣ ሲበቅል ያሳክካል" ትላቸዋለች።

እኔ ደግሞ አንድ ቀልድ አገኘሁ። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር፣ ሰው ባለበት፣ ጉርሻ ስታነሣ "ቀስ እማዬ፣ አፍሽ ውስጥ ሁለት ሙክት ቆሟል" እላለሁ። ሰዉ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ቀልዱ ስለተወደደ ደጋገምኩት።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ ፍልሰታን እንደ ሌላው ጾም አትጾምም፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ሱባኤ ትገባለች። ሱባኤ የገባ ሰው ወጥ አይቀምስም፤ ጥሬና ቆሎ፣ ከዚያ ውኃ። እኔ ለጾሙ መፍቻ በግ ስሰበስብ፣ ከዘመሮ ስነዳ፣ ለደብረ ብርሃን ገበያ ስጭን ያን ሁለት የክረምት ሳምንት እናቴን አንድ ጊዜም አላየኋትም። ያቺ የሲኒ ጥርስ ገብስና ሽምብራ ላይ እንደምትውል በሐሳቤም አልመጣም።

በበዓሉ ዕለት ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር አንድ በግ እየጎተትን ወረድን። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ረግረግ ሆኗል፤ ጉሙ ቅጽሩ ላይ ተኝቷል። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ደረስን። እናቴ ከቆራቢዎቹ ጋር ስትወጣ አየኋት፤ እንደ ሥርዓቱ አፏን በነጠላዋ ጥፍንግ አድርጋ ሸፍናለች። የቅዳሴውን ጠበል ጠጣች። ሌሎቹ ጠበሉን ጠጥተው ነጠላቸውን አወረዱ። እናቴ መልሳ ሸፈነች።

"እንኳን አደረሰሽ፣ እማዬ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

ቤት ገብተን መደቡ ላይ ተቀመጠች። አስካለ ፍትፍት አቀረበችላት። በእጇ መለሰችው። ጠላ አቀረበችላት። መለሰችው። አስካለ ወደ ጓዳ ጠርታኝ "እናትህ ምን ሆነዋል? እኔ አስቀይሜያቸው ይሆን?" አለችኝ።

"የተቀየመችው አንቺን ሳይሆን እኔን ነው" አልኳት። "ጾሙን ሙሉ ብቅ ሳልል ቀርቼ በበዓሉ በግ ይዤ ስመጣ፣ ምን ትበል?"

እንዲህ ነው የመሰለኝ። የተቀየመች እናት ደግሞ በምን እንደምትታረቅ አውቃለሁ፤ ትንሽ ካሳቅኋት አለቀ። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊቴን ጭምድድ አድርጌ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ይኼን በግ ግን ባላረደው ደስ ይለኛል። መንገድ ላይ ተጣልተናል።"

በዓይኗ 'ለምን?' አለችኝ።

"'ወዴት ትወስደኛለህ?' አለኝ። 'እናቴ ዘንድ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ልንፈስክ' አልኩት። ቆመና 'እናንተ ሁለት ሳምንት ሣር በላን ብላችሁ እኔን ትበላላችሁ' አለኝ፤ 'እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሣር የበላሁት ማንን ልብላ?'"

እናቴ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ልትይዘው ታገለች፤ ሳቁ ግን አሸነፋትና ነጠላው ውስጥ ፈነዳ። ከዚያ ትንፋሽ ለመሳብ አየር ወደ ውስጥ ስትወስድ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ ጉሮሮዋ ውስጥ በር እንደ ተዘጋ ዓይነት። ዓይኗ ፈጠጠ። ሁለት እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ጉበት ጠቆረ።

አስካለ ጮኸች። እኔ ከኋላዋ ይዤ ጀርባዋን ደበደብኩ። እናቴን ደበደብኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ጎንበስ አደረግኋት፣ ደግሜ መታኋት። በመጨረሻ አንድ ከባድ ሳል መጣ፣ ሌላም ተከተለ፤ ትንፋሿ ተመለሰ። እንባዋ እየወረደ፣ አፏ ተከፍቶ መደቡ ላይ ወደቀች። ያኔ ነው የፊት ጥርሷ ቦታ ባዶውን፣ በመሐሉ የቆመችውን ቀጭን የተሞረደች ጉቶ ያየሁት።

"ጥርሱስ?" አልኩ።

በጣቷ ወደ ደረቷ አመለከተች። "ሄደ" አለች። ድምፅዋ የእሷ አልነበረም።

"መቼ ነው የወለቀው?"

"ጠበሉን ስጠጣ። ጉንጬ ውስጥ ይዤው ነበር።"

"ለምን አልተፋሽውም?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ የማን ልጅ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። "ቆርቤ?" አለች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም። ከአፉ ምንም እንዳይወጣ ይጠነቀቃል። እናቴ ያን ጥርስ በምላሷና በጉንጯ መካከል ይዛ፣ አፏን ሸፍና፣ ሳትበላ ሳትናገር እስከ ማግስቱ ልትቆይ ነበር። እኔ ነኝ ያሳቅኋት።

ጎረቤቶች መጡ። አንዷ "ከዋጠችው ምን ችግር አለ? ገንፎ አብሏት፤ ከነገ ወዲያ ይወጣል" አለች። ሌላዋ ልጇ ሳንቲም ውጦ እንደ ነበረ ተናገረች። እናቴም ተረጋጋች፤ ሳሉ ቆመ፣ ፊቷ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ሁሉም እፎይ አለ። አንዱ ቢላዋ መሳል ጀመረ።

እኔ ግን አንድ ነገር እየሰማሁ ነበር። አየር ስታስገባ ከውስጧ ፉጨት ይመጣል፤ ቀጭን፣ በተቀደደ ወናፍ በኩል እንደሚወጣ ዓይነት። ይህን ድምፅ ከበግ አውቀዋለሁ።

"እማዬ፣ ዙሪልኝ" አልኳት።

"ምን ልታደርግ?"

"ልስማ።"

ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን አደረግሁ። በግራ በኩል ትንፋሹ ይገባል ይወጣል። ወደ ቀኝ ዞርኩ። ከታች በኩል የለም። ፉጨቱ ብቻ። እንደገና ግራውን ሰማሁ፣ እንደገና ቀኙን። እንዲህ የሚተነፍስ በግ ገበያ ላይ ሲያጋጥመኝ ዋጋ ሳልጠይቅ ነው የማልፈው። እናትን ግን ማለፍ አይቻልም።

"አልዋጠችውም" አልኩ ተነሥቼ። "ሳንባዋ ውስጥ ነው። አሁን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"የትም አልሄድም" አለች እናቴ።

"እማዬ..."

"ቆርቤ ወንዝ አልሻገርም። ነገ ጠዋት ውሰደኝ።"

ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰማዩ ከወደ ምሥራቅ ጠቁሯል። ወንዙ ጠዋት ስንመጣ ጉልበት ድረስ ነበር፤ ይኼ ዝናብ ከወረደ ነገ ሰውም በቅሎም አያሻግርም። ቆርቦ ወንዝ አለመሻገር የእናቴ ብቻ ሕግ አይደለም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። በጉልበት ተሸክሜ ብወስዳት ትንፋሿ ተርፎ ልቧ ይሞታል። ስለዚህ የማልሽረውን ሕግ ሊፈታ የሚችለው ሰው ጋ ሮጥኩ።

የንስሐ አባቷ መምሬ ጥላዬ ከቅዳሴ ወጥተው ደጀ ሰላም ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ነግሬያቸው ሳልጨርስ ተነሡ። ቤት ደርሰው እናቴን በክርስትና ስሟ ጠሯት።

"ወለተ ማርያም፣ ምን ሆነሻል?"

"ምንም አልሆንኩ፣ አባቴ። ልጄ ነው የደነገጠው።"

"አፍሽን በንጹሕ ውኃ ተጉመጥምጠሽ፣ ውኃውን ውጠሽ፣ ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ ተቀብለሽ ማስቀመጥ ትችይ ነበር። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"በየት አፌ ልጠይቅዎ?"

መምሬ ጥላዬ ከንፈራቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ ሳቅ አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ፉጨቱን ሰሙት።

"ዛሬ እኔ ቀድሻለሁ ወይስ አልቀደስኩም?" አሏት።

"ቀድሰዋል።"

"የቆረብሽውን ቆርቤያለሁ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አብሬሽ እሻገራለሁ። ወንዝ አትሻገሩ የተባለው ለክብሩ ነው። ቤት ተቀምጦ ታፍኖ መሞት ክብር አይሆነውም። ጥፋት ከሆነም ቀኖናውን ለሁለታችን እኔ እቀበለዋለሁ።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ጫማዬን አምጡልኝ" አለች፤ የቆረበ ሰው በባዶ እግሩ አይሄድማ።

ቃሬዛ ተዘጋጀ። እኔ ወደ ጉብታው ወጥቼ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ላይ ቆምኩና በጎቼን ለሚጭንልኝ የኢሱዙ ሹፌር ለሽመልስ ደወልኩለት።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው" አለኝ፤ አፉ ሥጋ ይዟል።

"እስከ ደብረ ብርሃን። አሁን።"

"ስንት ልትከፍል?"

"የጠራኸውን።"

ከሽመልስ ጋር በኖርንበት ዘመን ሁሉ 'የጠራኸውን' ብዬው አላውቅም። ማኘኩን አቆመ። "ማን ታሞ ነው?" አለኝ። እናቴ መሆኗን ስነግረው ዋጋ አልጠራም፤ ስልኩን ዘጋው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ውኃው ጠዋት ከነበረበት ከፍ ብሎ ጭቃ ቀለም ሆኗል። ቃሬዛውን አራት ሆነን ትከሻችን ላይ አወጣነው፤ የፊተኛውን ቀኝ እጀታ መምሬ ጥላዬ ያዙ። ቀሚሳቸውን ጠቅልለው መታጠቂያቸው ውስጥ ወትፈዋል። ዕድሜያቸው ከእናቴ አያንስም። "እርስዎ ይተው፣ አባ" ስላቸው "ቃል ገብቻለሁ" አሉ። ውኃው ወገባችን ደረሰ። መሐል ላይ አንዱ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማኝ፣ ቃሬዛው ዘመም አለ፣ እናቴ አሳለች። ከሳሉ በኋላ ትንፋሹ ቶሎ አልመለስ አለ። ሁላችንም ቆምን፤ ውኃው እየገፋን ቆምን። ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ያን ፉጨት ስሰማ እንደዚያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሽመልስ መንገዱ ላይ እየጠበቀን ነበር። እናቴን ጋቢና ውስጥ በእኔና በአስካለ መካከል ቁጭ አደረግናት፤ ስትተኛ ይብስባታል። መንገድ አንዱን ቀን ተከፈተ ሌላውን ቀን ተዘጋ የሚባልበት ጊዜ ስለሆነ ያገኘነውን ሁሉ "ሰላም ነው ወይ?" እያልን ሞላሌን አለፍን። ጣርማበር ላይ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ ደበቀው። ሽመልስ መስኮቱን አውርዶ ጭንቅላቱን አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ እያየ ነዳ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር። እኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምለው ቀልድ አልነበረኝም።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አነሣው። የጎድን አጥንቶቿ መካከል፣ በቀኝ በኩል፣ ነጭ ትንሽ ጥርስ ቆሟል። ጥርስ አፍ ውስጥ ሲታይ ምንም አይደለም፤ ደረት ውስጥ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው።

"ውስጡ ብረት ያለው ነው አይደል?" አለ ሐኪሙ። "ቁልጭ አድርጎ ያሳየን እሱ ነው።"

ርካሹን በመምረጤ የተጠቀምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማውጫ መሣሪያው አዲስ አበባ ነው ተብሎ በአምቡላንስ ላኩን። እዚያ ያለው ሐኪም ነገሩን አላለሳለሰልኝም። "በአፏ በኩል ቱቦ አስገብተን እንሞክራለን" አለ። "ዙሪያው ለስላሳ ስለሆነ ያሟልጫል። ካልተያዘ ደረቷን መክፈት ይኖርብናል። በዕድሜዋ ደግሞ..."

ሊያስገቧት ሲሉ እናቴ ጠራችኝ። "ደጄ" አለች በሹክሹክታ፣ "ከወጣ እንዳይጥሉት። ቁርባን ነክቶታል።"

ኮሪደሩ ላይ አስካለ ጸሎት አደረሰች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። አንድ ጊዜ ነርሷ ወጥታ "ተይዞ ነበር፣ አመለጠ" ብላን ተመልሳ ገባች። በሕይወቴ ብዙ ነገር ከእጄ አምልጦ ያውቃል፤ ገዢ፣ በግ፣ ዋጋ። እንደዚያ ያለ ማምለጥ ግን አላየሁም። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ወጣ። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጥርሱ አለ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንድም ቦታ ያልተሰነጠቀ። ዕቃው ጥሩ ነበር። ይኼን መካድ አልችልም።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሳንባዋ ቆስሎ ነበርና ትኩሳት ያዛት፤ ቀናት ተኛን። ትኩሳቱ በረድ ሲልላት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ውስጤ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ መትፋት ካልቻልሽ ለምን አልዋጥሽውም? ብትውጪው በሆድሽ አልፎ ይወጣ ነበር።"

"ሁለት ሙክት እንዴት ብዬ ልዋጥ?" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልነበረም።

"ገና ሱባኤ ላይ ሳለሁ ጥሬ ስቆረጥም ነው የላላው። ላስነግርህ ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ ሙክት ያወጣል ብዬ ተውኩት። አንተ በሰው ፊት ሁሉ ዋጋውን ትናገራለህ። እኔ በበላሁ ቁጥር ያንተን በጎች የማኝክ ይመስለኛል።"

"ቀልዴን እኮ ነው፣ እማዬ። ትስቂ ነበር እኮ።"

"ልጄ ሲቀልድ ልኮሳተር?"

ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳብኩላት።

ከሆስፒታል ስንወጣ ብልቃጡን ይዛ ሄደች። መምሬ ጥላዬ ጥርሱን በውኃ አጥበው፣ ውኃውንም ጥርሱንም ቅጽሩ ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ቀበሩት። የጥርስ ሐኪሟ "ጥርሱ ደህና ነበርኮ፣ መልሼ አጥብቄ እለጥፍላችሁ ነበር" አለችኝ፤ እውነቷን ነው። እናቴ ግን ሌላም አልፈለገች። ጉቶው ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥር እያሠቃያት በመጨረሻ ተነቀለ። ሳይሞረድ ቢቀር ኖሮ ያ የጠቆረው ግማሽ ጥርስ ዛሬም አፏ ውስጥ ይቆም ነበር።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ፖርሰሊን ጥርስ አታስገቡ እያልኳችሁ አይደለም። እናቴ ከጥር እስከ ነሐሴ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ አይቻለሁ፤ ያን ያየ ሰው ዕቃውን ሊያማ አይችልም። ያምራል፣ አይጠቁርም፣ ሰውን ወደ ሰው መሐል ይመልሳል። በሌላ በኩል ግን የራስን ጥርስ ሞርዶ የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ገብስ አይወድም። ሲላላ ዝም ካሉት ወደ ፈለገው ይሄዳል። ለሽማግሌና ለባልቴት የምታስገቡ ከሆነ ቆሎውን ብቻ ሳይሆን ጾሙንም፣ ሱባኤውንም፣ ቁርባኑንም ቀድማችሁ አስቡ፤ በቁርባን ቀን ቢወልቅ ምን እንደሚደረግ የንስሐ አባታቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁላቸው። ይኼን ሐኪም አይነግራችሁም፤ ሥራው አይደለም። ቄሱም ካልተጠየቀ አይነግራችሁም።

ዋጋውን ደግሞ አትንገሯቸው። በቀልድም ቢሆን።

እኔ ገበያ ላይ እንደ ድሮዬ እቀልዳለሁ። እናቴ ቤት ስገባ ግን መጀመሪያ "እንዴት ነሽ?" እላለሁ፤ እስክትመልስልኝም እጠብቃለሁ። ትስቃለች፣ አልተወችም። እጇ ግን ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሒሳቡ ይኸው ነው። እናቴ አለች። ጥርሱም ጉቶውም የለም። የቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል እንደ ድሮው አይሠራም፤ ክረምት ሲገባ ታስላለች።